ያገለገለች ቪትዝና የሐረጎ ዳገት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከወሎ የተላኩ ናቸው፤ ሁሉም የሚጠይቁትም በቤንዚን ስለምትሠራ፣ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ስለሚከፈት፣ አነስተኛና ያገለገለች የቤት መኪና፣ ስለ ቶዮታ ቪትዝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስመጣት እጅግ ውድ ስላደረገው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ዛሬ በደሴም ሆነ በወልድያ ለሽያጭ የምትቀርበው ቪትዝ በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር የቆየች ናት። አንድ ቤተሰብ ጥሪቱን ሁሉ የሚያፈስባት ንብረት በመሆኗም መልሶቹን ዘርዘር አድርጌ ጽፌያለሁ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት ባጠራቀምነው ገንዘብ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ልንገዛ አስበናል። ደላላው «ሞተሯ ያልተነካ፣ የሴት መኪና ናት» ይለናል። መካኒክ ይዘን ለመሄድ ብንወስንም ምን እንደምናስመረምር አናውቅም። ዳገት ላይ አቅም ያንሳታል የሚሉንም አሉ። *መምህርት፣ ከደሴ*

መልስ፦ ገንዘቡ ከእጅዎ ሳይወጣ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። በመጀመሪያ የትኛዋን ቪትዝ እንደሚገዙ ይወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተሠራችው የመጀመሪያዋ ትውልድ ባለ 1.0 ሊትር ከሆነች ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አላት፤ ከ2005 በኋላ የመጣችው ባለ 1.0 ሊትር ደግሞ ባለ ሦስት ሲሊንደር ናት። ሦስት ሲሊንደር ያላት ቆማ ስትሠራ ትንሽ ብትንቀጠቀጥ ተፈጥሮዋ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ሁለቱም ውስጣዊ እንቅስቃሴያቸው የሚመራው በካቴና እንጂ በቺንጋ አይደለም። ስለዚህ ሻጩ «ቺንጋዋን ቀይሬያለሁ» ቢልዎ የሚናገረው ዲናሞውንና የውሃ ፖምፓውን ስለሚያዞረው የውጭ ቺንጋ ነውና እንደ ትልቅ ጥገና አይቁጠሩለት።

ስለ አቅሟ የሰሙት እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የመኪናዋ ላይሆን ይችላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። 70 የፈረስ ጉልበት አላት የተባለች ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ደሴ ላይ የምታወጣው ከ50 ብዙም አይበልጥም። አራት ሰውና ዕቃ ጭነው በየሳምንቱ ዳገት የሚወጡ ከሆነ፣ ቤንዚን በመጠኑ ብትጨምርም ባለ 1.3 ሊትሯን ብትመርጡ ይሻላል እላለሁ። ይህን ሳያውቁ «ሞተሯ ደክሟል» ተብለው ለሙሉ ጥገና ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች መኖራቸው በጣም ያሳዝነኛል።

ምርመራውን ማለዳ ላይ፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ይጀምሩ። ኮፋኖውን በእጅዎ ይንኩት፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታልና ሌላ ቀን ይቅጠሩት። ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ እስከ ሁለተኛው ደረጃ ሲያዞሩ የሞተር ምልክት መብራት፣ የዘይት መብራትና የባትሪ መብራት በሙሉ መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ በሙሉ መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ የማይበራ የሞተር መብራት ካዩ፣ ሻጩ እንዳይታወቅበት አምፖሉን አውጥቶት ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ቪትዞች ላይ የሙቀት መለኪያ ቀስት የለም፤ ሞተሩ እስኪሞቅ የሚበራ ሰማያዊ መብራትና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የሚበራ ቀይ መብራት ብቻ አለ። ሰማያዊው ማለዳ ላይ ካልበራ እርሱም ይጣራ።

ሞተሩ እንደተነሳ ከፊት በኩል ለጥቂት ሴኮንዶች የሚንኳኳ የብረት ድምፅ ከሰሙ ካቴናው ወይም ወጣሪው አርጅቷል ማለት ነው። በደሴ ብርድ ማለዳ ከማርሚታው የሚወጣ ነጭ ጢስ ውሃ ነውና ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ አያስጨንቅም፤ ሰማያዊ ጢስ ግን የሚቃጠል ዘይት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይቆም ነጭ ጢስ ደግሞ ወደ ሲሊንደር የሚገባ የራዲያተር ውሃ ሊሆን ይችላል። የኪሎ ሜትር ቁጥሩን አይመኑት፤ በቀላሉ ይቀነሳል። ከቁጥሩ ይልቅ የፔዳሎቹ ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር መልክ እውነቱን ይነግርዎታል። 80,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዳለች የተባለች መኪና የፍሬን ፔዳሏ ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ ውሸቱ ከዚያ ላይ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱና ተመለሱ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ የሚያስወጣ በመሆኑ፣ በፒያሳ ዙሪያ በሚደረግ አጭር ሙከራ የማይታየውን ሁሉ ያሳያል። ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ መኪናዋን ተዉት። ከመንገድ ሲመለሱ ሞተሩ እየሠራ ሥሯን በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ የሚንጠባጠብ ዘይት ወይም ውሃ ካለ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። በከተማው የድንጋይ ንጣፍ ላይም ቀስ ብላችሁ ንዷት፤ ከፊት እግሮቿ የሚሰማ ኳኳታ በአብዛኛው የጎሚኒ (የላስቲክ ማያያዣ) ወይም የቴስቲኒ (የእግሩ መገጣጠሚያ) መላላት ነው። ይህ ወጪው የሚታወቅና የሚቻል ብልሽት ስለሆነ ዋጋ ለመቀነሻ ተጠቀሙበት እንጂ ከግዢው አያስቀራችሁ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ ግን የማይታለፍ ነው።

ጥያቄ፦ የምሠራው ደሴ፣ ቤቴ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የሐረጎን ዳገት ስወጣ፣ በተለይ ከጭነት መኪና ኋላ ስሆን ቀዩ የሙቀት መብራት ይበራብኛል። መካኒኩ ቴርሞስታቱን (የውሃውን መተላለፊያ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውን ዕቃ) አውጥቶ ጣለልኝ፤ ለጥቂት ቀን ተሻላት፣ ከዚያ እንደገና ጀመራት። በየቀኑ የቧንቧ ውሃ እጨምራለሁ። ወንድሜ ራዲያተሩ ይቀየር ይላል። *የባንክ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እባክዎ፣ ቀዩ መብራት ሲበራ «ደሴ ልደርስ ትንሽ ቀረኝ» ብለው አይቀጥሉ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠፋው ገንዘብ የራዲያተርን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስከነዳል። ጥግ ይዘው ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ ለመክፈት በፍጹም አይሞክሩ፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ከቀዘቀዘ በኋላም ወፍራም ጨርቅ ደርበው ቀስ እያሉ ይክፈቱት።

መመርመር የሚጀመረው ከራዲያተሩ ሳይሆን ከክዳኑ ነው። ውሃ በደሴ ከፍታ ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእነዚህ መኪኖች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ የሚሠራበት ሙቀትም ከ90 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ግፊት በማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውሃ ሐረጎ አናት ላይ የሚፈላው ሞተሩ ምንም ሳይበላሽበት በሚሠራበት ሙቀት ላይ ነው ማለት ነው። ደህና ክዳን ግን ውስጡን አምቆ በመያዝ የመፍላቱን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎሚኒው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን አዲስ አበባ ላይም ሆነ ደሴ ላይ ሜዳ ለሜዳ ሲነዱ ላያስታውቅ ይችላል፤ ረዥም ዳገት ላይ ግን ውሃውን እያፈላ በመትረፊያው ቱቦ ያስወጣዋል። የእርስዎ መኪና በየቀኑ ውሃ መጠየቋ ከዚህ ጋር ይስማማል። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዋናው ጋር አንድ የሆነ አዲስ ክዳን ይግዙ፤ በዚህ ሁሉ ምርመራ ውስጥ ከዚህ የረከሰ ዕቃ የለም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የኤሌክትሪክ ማራገቢያው ነው። በፍጥነት ሲነዱ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋሱ ራሱ ነው፤ ከሲኖ ትራክ ኋላ በሰው እርምጃ ያህል ሲወጡ ግን ያለ ማራገቢያው ምንም የለም። የባሰው «ከጭነት መኪና ኋላ» መሆኑን መግለጽዎ ወደዚህ እንድመለከት አድርጎኛል። መኪናዋን አቁመው ሞተሩ እየሠራ ይጠብቁ፤ ሰማያዊው መብራት ጠፍቶ ብዙ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ማራገቢያው በራሱ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው ወይም የማራገቢያው ሞተር ይታይ። በኤር ኮንዲሽነሩ ራዲያተርና በውሃው ራዲያተር መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራ፣ ጭቃና ነፍሳትም ከውስጥ ወደ ውጭ በሚሄድ ቀስ ያለ ውሃ ያሳጥቡ።

ቴርሞስታቱ ይመለስ። ያለ እርሱ ሞተሩ በቁልቁለትና በብርድ ማለዳ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ያበዛል፤ የሚተርፈው ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥናል። ማውጣቱ ሕመሙን ለጥቂት ቀን ሸፈነው እንጂ አልፈወሰውም። የቧንቧ ውሃውም ይቅር፤ ማዕድኑና ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፤ የውሃ ፖምፓውንም ይበላል። ሥርዓቱ በሚገባ ታጥቦ፣ እኩል በእኩል በተጣራ የባትሪ ውሃ (በአሲዱ አይደለም) የተበጠበጠ ኩላንት ይግባበት። የወንድምዎ ሐሳብ የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ውሃው አሁንም ከቀነሰ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ፣ ከራዲያተሩ አፍ ሳያቋርጥ የሚፈላ የአየር አረፋ ከታየ፣ ወይም የዘይት ክዳኑ ውስጠኛ ክፍል የወተት ቡና መልክ ከያዘ፣ መኪናዋን ማሽከርከር አቁመው ወደ ጋራዥ በሌላ መኪና ያስጎትቷት።

ጥያቄ፦ ወልድያ–ደሴ እመላለሳለሁ። ቪትዜ ዘይት ትበላለች፤ ጋራዡ «ፋሻ ይቀየር ወይም ያገለገለ ሞተር ግዛ» ይለኛል። ጓደኞቼ ወፍራም ዘይት ጨምርባት ይላሉ። *ነጋዴ፣ ከወልድያ*

መልስ፦ ዘይት መብላት የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች የታወቀ ሕመም ነው፤ ምክንያቱ በአብዛኛው ዘይት የሚጠርገው የፒስተን ፋሻ በካርቦን ተጣብቆ መሥራት ማቆሙ ሲሆን፣ ዘይቱን በጊዜው ባለመቀየር የሚባባስ ነው። ወደ ፋሻ ከመሄድዎ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን ያጣሩ። ዘይቱ ወደ ውጭ እየፈሰሰ እንዳይሆን የላይኛውን ክዳን ጓርኒሲዮንና የካቴናውን ሽፋን ዙሪያ ያስመልክቱ። የሞተሩን ትንፋሽ ወደ አየር ማስገቢያው የምትመልሰው ትንሽ ቫልቭ ከተደፈነች ግፊት ይጠራቀምና ዘይት ወደ ማቃጠያው ይገፋል፤ ይህች ዕቃ ርካሽ ናት፤ ብዙ ጋራዥ ግን አያያትም። ሦስተኛው ጢሱ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ያለውን ቁልቁለት በማርሽ ይዘው ከወረዱ በኋላ ነዳጅ ሲረግጡ ሰማያዊ ጢስ ቡን ብሎ ወጥቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፋሻ ሥራ በብዙ የሚቀል ነው። ጢሱ ዳገት ላይ በጉልበት ስትወጣ ሳያቋርጥ የሚከተላት ከሆነ ግን ፋሻው ነው።

ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሲለካልዎ አንድ ነገር ያስታውሱ። በመጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ ወልድያ ላይ የሚነበበው በአንድ አምስተኛ ያህል፣ ደሴ ላይ ደግሞ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ብቻ ሞተርዎ አለቀ አይበሉዎት። መታየት ያለበት ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አንደኛው ከሌሎቹ ለይቶ ካነሰ፣ ጥቂት ዘይት በካንዴላው (ቤንዚኑን በሚያቀጣጥለው ዕቃ) ቀዳዳ ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ በፋሻው በኩል ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ በቫልቩ በኩል ነው።

በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር አምራቾች እንደ መጨረሻ ወሰን የሚጠቅሱት መጠን ነው። ከዚህ በታች ከሆነ ነዳጅ በቀዱ ቁጥር ዘይቱን እየለኩና እየሞሉ መንዳት ይቻላል። የሞተሩ ጠቅላላ ዘይት 4 ሊትር እንኳ የማይሞላ በመሆኑ 1 ሊትር መጉደል ከሩብ በላይ መጉደል ነው፤ የካቴናው ወጣሪም የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ የመጀመሪያው ተጎጂ እርሱ ነው። ወፍራም ዘይቱን አልመክርዎትም፤ ጢሱን ትንሽ ቢቀንስም በብርድ ማለዳ ወደ ሞተሩ ላይኛ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። በመጽሐፏ የተፈቀደውን፣ ለአብዛኞቹ 5ደብልዩ-30 የሆነውን፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩ። ያገለገለ ሞተር የሚባለውን በተመለከተ፣ ታሪኩን ከማያውቁት ሞተር ይልቅ የራስዎ ሞተር በእጀ ጥሩ ባለሙያ ፋሻው ተቀይሮ ቢሠራ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ መስቀለኛ ላይ ስቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ያስነጥሰዋል። ማደያ ወረፋ ሲበዛ ቤንዚን በጀሪካን እገዛለሁ። *ወጣት፣ ከሐይቅ*

መልስ፦ ሁለት ነገር ነው የነገሩኝ። ቆሞ መጥፋቱ በአብዛኛው የአየር ማስገቢያው በር፣ ትሮትል የሚባለው፣ በጥቀርሻ መሸፈን ነው፤ ለዚሁ በተሠራ መርጫ ሲጸዳ ይስተካከላል። የአየር ፊልትሮውንም አብረው ይቀይሩ፤ በእኛ አቧራ ቶሎ ይደፈናል። ማስነጠሱ ግን ከጀሪካኑ ሊመጣ ይችላል። የመንገድ ዳር ቤንዚን ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል ነዳጅ መርጫዎቹን ያበላሻል፤ ሞተሩንም ዳገት ላይ ያንኳኳዋል። የነዳጅ ፖምፓው ሰርባቶዮ (የነዳጅ ጋን) ውስጥ ተነክሮ በቤንዚኑ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ማመልከቻው ሁልጊዜ ባዶ አካባቢ እየዋለ መንዳት ዕድሜውን ያሳጥራል። ማደያው ቤንዚን ባገኘ ቀን ሞልተው ይያዙ። ነዳጁ ተጣርቶም ማስነጠሱ ከቀጠለ ካንዴላና በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ የተቀመጠው ኮይል ይፈተሹ።

ጥያቄ፦ አባቴ ስድሳዎቹን አልፈዋል፤ አውቶማቲክ ቪትዝ ይነዳሉ። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ መጨረሻው ላይ የፍሬን ፔዳሉ እየለሰለሰ እንደሚሄድ ነገሩኝ፤ ደሴ ሲመለሱ ደግሞ ደህና ነው። ጋራዥ ቢወስዷትም «ምንም የለባትም» ተባሉ። *ልጃቸው፣ ከደሴ*

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ሳነብ ከሁሉም በላይ የሠጋሁት ለአባትዎ ነው፤ እስኪስተካከል ድረስ በዚያ ቁልቁለት እንዳይወርዱ በትሕትና ይንገሩልኝ። ጋራዡ ምንም ያላገኘው ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ ስለሚመለስ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው በ205 ዲግሪ ሲሆን እርጥበት ሲገባበት እስከ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ረዥም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተረግጦ ሲቆይ ዘይቱ ይፈላና የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ስለሚጨማደድ ፔዳሉ ይለሰልሳል። ስለዚህ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ አየሩ ይውጣ፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የፊቱና የኋላው የፍሬን ሸራ፣ እንዲሁም የፊት ፍሬን ፒስተኖች ተጣብቀው እንደሆነ ይታይ። ከወረዱ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ የተጣበቀው እርሱ ነው።

የአነዳዱም ነገር አለ። አውቶማቲክ መኪና በ«ዲ» ብቻ ከተለቀቀች ሞተሩ አይዛትም፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። አባትዎ ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ማርሹን ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል»፣ ሲቪቲ (ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) የሆነችው ላይ ወደ «ቢ» ያውርዱ፤ ሞተሩ ቢጮህ አይደንግጡ፣ ምንም አይጎዳውም። ፍሬኑን ደግሞ ጠበቅ አድርገው ረግጠው ፍጥነቱን ከቀነሱ በኋላ ፈጽመው ይልቀቁት፤ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ያገኛል። መኪናዋ ሲቪቲ ከሆነች አንድ ነገር ልጨምር፤ የካምቢዮዋ ፈሳሽ ለሲቪቲ የተሠራው ብቻ ነው። ለተራ አውቶማቲክ የሚሆነውን ቀይ ዘይት ለሁሉም የሚሞሉ ጋራዦች ስላሉ፣ ጣሳው ሲከፈት ቆመው ይዩ።

ጥያቄ፦ ማታ ከከሚሴ ስመጣ ከፊት የሚመጡት ሾፌሮች ሁሉ ረዥም መብራት ያበራሁ ይመስል ያበሩብኛል። እኔ ግን አጭሩን ነው የማበራው። *ከኮምቦልቻ*

መልስ፦ መኪናዎ ከጃፓን የመጣች፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ሳትሆን አትቀርም። የፊት መብራቶቿ የተሠሩት በግራ ለሚነዳ አገር ስለሆነ፣ ብርሃናቸው በግራ በኩል ከፍ ይላል፤ እዚህ ግን በግራችን የሚመጣው ሌላው ሾፌር ነው። እርሱን ዓይኑን ሲያጠፋው፣ እግረኛውና ከብቱ የሚሄዱበትን የቀኝ ጠርዝ ደግሞ ጨለማ ያደርግብዎታል። አምፖል መቀየርም ሆነ ዝቅ ማድረግ አይበቃም፤ ለቀኝ ነጂ አገር የተሠሩ የፊት መብራቶች በሙሉ ይገጠሙላት። መሪዋ የተዛወረ መሆኑን ካረጋገጡ፣ ብየዳ በተደረገበት የሞተርና የውስጥ መለያ ላሜራ ላይ ስንጥቅ እንዳይኖር፣ የፍሬን ፔዳሉ ከማጠናከሪያው ጋር የተገናኘበት ዘንግም ልል እንዳይሆን በዚያው ቀን ያስፈትሹ።